ብስክሌቱን ለብቻው አንመዝን

የተራራ ብስክሌት ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ብስክሌቱን በእጁ ከፍ አድርጎ መመዘን ነው። ቀሎ ካገኘው ደስ ይለዋል፤ ከከበደው ፊቱን ወደ ሌላው ያዞራል። ይህ ልማድ ያለ ምክንያት አልመጣም። ክብደት በአንድ ቁጥር የሚነገር፣ ለማወዳደር የሚመችና ለማንም ግልጽ የሆነ መለኪያ ነው። የጎማው አንከባለል፣ የፍሬኑ አስተማማኝነትና የማርሹ ተስማሚነት ግን ሱቅ ውስጥ በእጅ ተነሥተው አይመዘኑም። የሰው ልጅ ደግሞ ሊለካ የሚችለውን ነገር ሊለካ ከማይችለው አብልጦ የማመን ዝንባሌ አለው።

በዚህ ጽሑፍ የምንሟገትለት ሐሳብ አጭር ነው። የብስክሌት ክብደት ለአብዛኛው ጎልማሳ ነጂ ከሚወራለት በእጅጉ ያነሰ ዋጋ አለው፤ ለሕፃናትና ሰውነታቸው ቀላል ለሆነ ነጂዎች ግን ከሚወራለት በእጅጉ የበለጠ ዋጋ አለው። ሁለቱን አጣምረን ማየት የተሳነን ብስክሌቱን ለብቻው ሚዛን ላይ ስለምናስቀምጠው ነው። አቀበት የሚወጣው ብስክሌቱ ብቻ ሳይሆን ብስክሌቱና ነጂው በአንድነት ናቸው። እስቲ ነገሩን ከፊዚክስ እንጀምረው።

አቀበቱ የሚጠይቀው ሂሳብ

65 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ነጂ 15 ኪሎ ግራም በሚመዝን የተራራ ብስክሌት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ይወጣል እንበል። የአቀበቱ ርዝመት 5 ኪሎ ሜትር፣ ከፍታው 500 ሜትር ይሁን። ነጂውና ብስክሌቱ በድምሩ 80 ኪሎ ግራም ናቸው። ይህን ያህል ክብደት 500 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት የመሬት ስበት የሚጠይቀው ጉልበት 392 ሺህ ጁል ነው። መንገዱ ኮረኮንች በመሆኑ ጎማው በሚንከባለልበት ጊዜ የሚባክን ጉልበትም አለ። የመንከባለል ሰበቃው የክብደቱን ሁለት መቶኛ (0.02) ያህል ነው ብንል፣ በ5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ተጨማሪ 78 ሺህ ጁል ያህል ይፈልጋል። ነፋሱን በዚህ ዝግተኛ ፍጥነት ብንተወው ሂሳባችን ብዙ አይዛባም። ጠቅላላው ጉልበት እንግዲህ 470 ሺህ ጁል ይሆናል።

ነጂያችን ለኋላው ጎማ ሳያቋርጥ 150 ዋት ማድረስ የሚችል ከሆነ አቀበቱን በ52 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። አሁን የብስክሌቱን ክብደት በ1 ኪሎ ግራም እንቀንስ። ከ80 ኪሎ ግራም 1 ኪሎ ግራም ማለት 1.25 በመቶ ነው። ስበቱም ሰበቃውም በዚያው መጠን ይቀንሳሉ፤ ጊዜውም እንደዚሁ። የሚተርፈው 39 ሰከንድ ነው።

ሠላሳ ዘጠኝ ሰከንድ ምንም አይደለም አንልም። ሆኖም ይህ የተገኘው በአምስት ኪሎ ሜትር ተከታታይ አቀበት ላይ ነው፤ ነጂው ውሃ ለመጠጣት አንድ ጊዜ ቢቆም ትርፉ በዚያው ይጠፋል። በነገራችን ላይ 1 ሊትር ውሃ ራሱ 1 ኪሎ ግራም ነው። ብስክሌቱን በ1 ኪሎ ግራም ለማቅለል ብዙ ገንዘብ የከፈለ ሰው ሙሉ ኮዳ ውሃ ሲያስርበት የገዛውን ቅለት መልሶ ይጭነዋል። ውሃውን ይተው ማለታችን አይደለም፤ የቁጥሩ መጠን ይታወቅ ማለታችን እንጂ።

ሜዳውና ቸርኬው

ሜዳ ላይ ስንወጣ ክብደት ይባስ ይደበዝዛል። ያው ነጂ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር በአስፋልት ሲጓዝ ከጉልበቱ የሚበልጠው ክፍል የሚውለው ነፋሱን ለመሰንጠቅ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ይህ 40 ዋት ያህል ይጠይቃል። ለጎማው መንከባለል ደግሞ 35 ዋት ያህል ያስፈልጋል። ከብስክሌቱ 1 ኪሎ ግራም ቢነሣ ከዚህ ሁሉ የሚቀነሰው ከግማሽ ዋት ያነሰ ነው። የባሕር ዳር ወይም የሐዋሳ ነዋሪ በሜዳማው ከተማው ለሚመላለስበት ብስክሌት ስለ ክብደት ብዙ የሚጨነቅበት ምክንያት የለም።

እዚህ ላይ አንድ ተደጋግሞ የሚነሣ ክርክር አለ። «በቸርኬና በጎማ ላይ ያለ ክብደት በሌላው አካል ላይ ካለው እጥፍ ይከብዳል» ይባላል። ነገሩ ከፊል እውነትነት አለው። በቸርኬው ጠርዝ ላይ ያለ ቁስ ከብስክሌቱ ጋር ወደ ፊት ከመጓዙም በላይ ስለሚሽከረከር የእንቅስቃሴ ጉልበቱ በግምት እጥፍ ነው። ይሁን እንጂ ይህ የሚሠራው ፍጥነት በሚጨምርበት ጊዜ ብቻ ነው። ነጂው ፍጥነቱን ጠብቆ አቀበት ሲወጣ በቸርኬው ላይ ያለው 1 ኪሎ ግራም ከኮርቻው ሥር ካለው 1 ኪሎ ግራም አይበልጥም፤ የመሬት ስበት የሚሽከረከረውንና የማይሽከረከረውን ለይቶ አያውቅም። ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለመድረስም ቢሆን በቸርኬው ጠርዝ ያለ 1 ኪሎ ግራም የሚጠይቀው 31 ጁል ያህል ነው። ይህም ነጂያችን በአንድ ሰከንድ አንድ አምስተኛ ውስጥ የሚያወጣው ጉልበት ነው።

በአንድ ኪሎ ፈንታ

ክብደት ብቻውን መልስ ካልሆነ ነጂውን የሚያደክመው ምንድን ነው? ወደ እንጦጦው ሂሳባችን እንመለስና የብስክሌቱን ክብደት ሳንነካ ጎማውን ብቻ እንለውጥ። ለመንገዱ በማይስማማ ጎማ ወይም በተሳሳተ የአየር መጠን ምክንያት ሰበቃው ከሁለት መቶኛ ወደ ሦስት መቶኛ (0.03) ከፍ ቢል ነጂው ተጨማሪ 39 ሺህ ጁል ይከፍላል፤ ጉዞውም በ4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል ይረዝማል። ይህን ያህል ጊዜ በክብደት ቅነሳ ለማስመለስ ከብስክሌቱ ላይ ከ6 ኪሎ ግራም በላይ ማንሣት ይኖርብናል። 15 ኪሎ ግራም የነበረውን ወደ 9 ኪሎ ግራም ዝቅ የሚያደርግ ብስክሌት ውድ የውድድር ብስክሌት ነው። ነፊው ግን በየሰፈሩ አለ።

የጎማን አየር በተመለከተ ደግሞ ብዙዎቻችን ይዘነው የኖርነው እምነት መስተካከል ይገባዋል። በለሰለሰ አስፋልት ላይ ጠንክሮ የተነፋ ጎማ በቀላሉ ይንከባለላል። በድንጋያማ መንገድ ግን ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ እየነጠረ ብስክሌቱንና ነጂውን ወደ ላይ ያነሣቸዋል፤ ወደ ፊት ሊገፋን የሚገባው ጉልበትም በመንቀጥቀጥ ይባክናል። ለዚህ ነው የተራራ ብስክሌት ጎማ ሰፊ ሆኖ ለስለስ ባለ አየር የሚነዳው።

ካቴናውም እንዲሁ ነው። ንጹሕና ቅባት ያለው ካቴና ከሚያስተላልፈው ጉልበት የሚያባክነው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ጭቃና ዝገት ሲገባበት ብክነቱ ይጨምራል። 1 ኪሎ ግራም የሚያስገኝልን 1.25 በመቶ እንደሆነ ካስታወስን፣ አንድ ጨርቅና ጥቂት ጠብታ ዘይት ከአንድ ውድ ዕቃ ጋር ሊፎካከሩ እንደሚችሉ እንረዳለን።

ማርሽ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ነጂያችን አቀበቱን የሚወጣው በሰዓት 5.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ያህል ቢሆንና ከፊት 22፣ ከኋላ 32 ጥርስ ያለው ማርሽ ቢኖረው በደቂቃ 66 ጊዜ ያህል እየረገጠ በተረጋጋ ሁኔታ ይወጣል። ዝቅተኛው ማርሽ የፊቱና የኋላው ጥርስ እኩል የሆነበት ከሆነ ግን በዚያው ፍጥነት በደቂቃ 46 ጊዜ ያህል ብቻ ሊረግጥ ይገደዳል፤ በእያንዳንዱ እርግጫም ፔዳሉ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ከቀድሞው በ45 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ጉልበቱ ሳያልቅ ጉልበቱ መገጣጠሚያ ላይ የሚታመመው በዚህ ጊዜ ነው። አቀበት መሐል ወርደው ብስክሌታቸውን የሚገፉ ነጂዎች ብዙውን ጊዜ የሚወቅሱት ክብደቱን ነው፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የማርሹ ነው።

ቁልቁለቱን ማን ያስበው?

የወጣ ይወርዳል። ስለ ክብደት በሚደረገው ወሬ ውስጥ ግን ቁልቁለቱ ይዘነጋል። የተራራ ብስክሌት ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ከቁልቁለት ነው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ በማሪን ካውንቲ፣ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ጥቂት ወጣቶች ከ1930ዎቹና ከ1940ዎቹ የቀሩ ወፍራም ጎማ ያላቸው ከባድ ብስክሌቶችን እየነዱ በአቧራማ ቁልቁለት ይወዳደሩ ነበር። ውድድሩ «ሪፓክ» ተባለ፤ ቃሉ «እንደገና መሙላት» ማለት ነው። ስያሜው የመጣው ከፍሬናቸው ነው። በኋላ ጎማ ማዕከል ውስጥ ያለው ፍሬን በአንድ ቁልቁለት እጅግ ከመጋሉ የተነሣ ግራሱ እየተቃጠለ ስለሚያልቅ ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ እንደገና መሙላት ግድ ነበር። ጆ ብሪዝ እ.ኤ.አ. በ1977 ለዚሁ አገልግሎት ታስቦ የተሠራ ብስክሌት የሠራው ከዚህ ልምድ ተነሥቶ ነው። የስፖርቱ የመጀመሪያ ጭንቀት እንግዲህ ፍሬን እንጂ ግራም አልነበረም።

ምክንያቱን ለመረዳት ሂሳባችንን ገልብጠን እናንብበው። ወደ ላይ ስንወጣ ያጠራቀምነው 392 ሺህ ጁል ስንወርድ የግድ መውጫ ይፈልጋል። ጥቂቱን ነፋሱና መንገዱ ይወስዱታል፤ በቀስታ ለሚወርድ ሰው የቀረውን የሚሸከመው ፍሬኑ ነው። ይህ መጠን በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ ከ1 ሊትር የሚበልጥ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ብስክሌቱን በ1 ኪሎ ግራም ብናቀልለው ከዚህ ሙቀት የሚቀነሰው ያችው 1.25 በመቶ ናት። ፍሬኑ የተበላ ከሆነ የብስክሌቱ ቅለት ነጂውን አያድነውም።

ከዚህም አልፎ በቁልቁለት ላይ ጥቂት ክብደት ጥቅም የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ለቁልቁለት ውድድር የሚሠሩ ብስክሌቶች 16 ኪሎ ግራም ገደማ መመዘናቸው የተለመደ ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት አንዳንድ ተወዳዳሪዎች ብስክሌታቸው በድንጋይ ላይ እንዲረጋ ሆን ብለው በፔዳሉ ማዕከል አካባቢ ተጨማሪ ክብደት ሲያስሩ ታይተዋል።

ጠንካራ፣ ቀላል፣ ርካሽ

በብስክሌት ሠሪዎች ዘንድ በአሜሪካዊው ኪት ቦንትሬገር ስም የሚታወቅ አባባል አለ፤ ፍሬ ነገሩ ጠንካራ፣ ቀላልና ርካሽ ከሚሉት ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ መምረጥ ይቻላል የሚል ነው። ይህ የቁስ ሳይንስ ሕግን በቀላል ቋንቋ የሚገልጽ አነጋገር ነው። የአንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር ብረት ክብደት 7.8 ግራም፣ የአሉሚኒየም 2.7 ግራም፣ የካርቦን ፋይበር ውሁድ ደግሞ 1.6 ግራም ያህል ነው። ይህን ብቻ ያየ ሰው አሉሚኒየም ብስክሌቱን በሦስት እጥፍ ያቀልለዋል ብሎ ሊያስብ ይችላል። ነገር ግን አሉሚኒየም ለመጉበጥ ያለው ተቋቋሚነት ከብረት አንድ ሦስተኛ ያህል ስለሆነ ቱቦዎቹ ወፈር ብለው መሠራት አለባቸው። በተጨማሪም ብረት ከተወሰነ መጠን በታች የሆነን ተደጋጋሚ ጫና ያለ ገደብ ሊሸከም ሲችል፣ አሉሚኒየም ግን አነስተኛ ጫናም ቢሆን እጅግ ብዙ ጊዜ ሲደጋገምበት በመጨረሻ ይደክማል።

ለአገራችን ነጂ ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ጉዳይም አለ። የነጂውን ክብደት የሚሸከመው የብረት ቱቦ መዋቅር፣ በተለምዶ ቴላዮ የሚባለው፣ ቢሰነጠቅ በአቅራቢያ ያለ ጥሩ በያጅ ሊጠግነው ይችላል። የአሉሚኒየሙ ብየዳ ልዩ ሙያ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በብየዳው ሙቀት የላላውን ጥንካሬ ለመመለስ እንደገና በምድጃ መታከም ይፈልጋል። የካርቦኑ ስንጥቅ ደግሞ ከላይ ሳይታይ ከውስጥ ሊሰፋ ይችላል። ሊጠገን የማይችል ቅለት ዘላቂ ሀብት መሆኑ ያጠራጥራል።

በአንጻሩ ያለ ጥቅም የሚያከብድ ነገርም አለ። በገበያ ከሚገኙት ርካሽ የተራራ ብስክሌቶች ብዙዎቹ ከፊትም ከኋላም ሞላ ተገጥሞላቸው ይሸጣሉ። እነዚህ ሞላዎች ብዙ ጊዜ የብስክሌቱን ክብደት ከ1 ኪሎ ግራም በላይ ይጨምራሉ፤ ንዝረትን በአግባቡ የሚያበርድ ክፍል ስለሌላቸው ግን ነጂው በረገጠ ቁጥር ከመወዛወዝ በቀር የሚሰጡት አገልግሎት ጥቂት ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አባቶቻችን። የተራራ ብስክሌት መልክ ያለው ሁሉ የተራራ ብስክሌት አይደለም። በአንድ ዋጋ ከቀረቡ ሁለት ብስክሌቶች መካከል ሞላ የሌለው ብዙውን ጊዜ የተሻለ ፍሬንና ማርሽ ይኖረዋል፤ ቅለቱም በነጻ ይገኛል።

ተወዳዳሪዎቹ አልተሳሳቱም

«ታዲያ ታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች ስለ ምን ለግራም ይጨነቃሉ?» የሚል አንባቢ ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። መልሱ የእነርሱ ሂሳብ ከእኛ ሂሳብ የተለየ በመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች የተራራ ብስክሌት ውድድር ብሪታንያዊው ቶም ፒድኮክ ወርቁን ሲወስድ ከ86 ደቂቃ በላይ ከፈጀ ፉክክር በኋላ ከፈረንሳዊው ቪክቶር ኮሬትስኪ የቀደመው በ9 ሰከንድ ብቻ ነበር። የነሐሱ ባለቤት ደቡብ አፍሪካዊው አላን ሃዘርሊ ከአሸናፊው በ11 ሰከንድ ነበር የዘገየው። በእንዲህ ያለ ቦታ 1 በመቶ ማለት ብዙ ነው፤ ሌላው ሁሉ አስቀድሞ የተሟላለት ተወዳዳሪ የቀረችውን ግራም ቢያሳድድ ትክክል ነው።

ሆኖም ያው ውድድር ሌላም ትምህርት ሰጥቷል። ፒድኮክ በውድድሩ መሐል የፊት ጎማው ተንፍሶበት ቸርኬ ለመቀየር ቆሞ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አጥቷል፤ ያጣውንም ያስመለሰው በእግሩና በችሎታው ነው። አንድ የጎማ መተንፈስ የወሰደው ጊዜ በእኛ ሂሳብ አንድ ኪሎ ግራም በአምስት ኪሎ ሜትር አቀበት ከሚያተርፈው ጋር ይቀራረባል። ቀጭን ጎማ መርጦ ጥቂት መቶ ግራም ያተረፈ ተራ ነጂ፣ የሚቀይርለት ቡድን በመንገዱ ዳር እንደማይጠብቀው ቢያስብ መልካም ነው።

በእውነት የሚከብዳቸው

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ 65 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ጎልማሳ ነው። አሁን ነጂውን እንለውጠው። 25 ኪሎ ግራም የምትመዝን አንዲት ልጅ 14 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብስክሌት ተገዛላት እንበል። ብስክሌቱ የራሷን ክብደት 56 በመቶ ያህላል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን አባቷ የእርሷን ስሜት ለማወቅ ቢፈልግ 39 ኪሎ ግራም በሚመዝን ብስክሌት አቀበት መውጣት ይኖርበታል። እንዲህ ያለ ብስክሌት ቢሰጠው ከደጁ አይርቅም ነበር። ልጅቱ ደክሟት ስትተወው ግን «ሰነፈች» ወይም «ፈራች» እንላለን።

በዚህች ልጅ ብስክሌት ላይ 4 ኪሎ ግራም ቢቀነስ አቀበቷ በ10 በመቶ ይቀልላታል፤ ለነጂያችን ለጎልማሳው ግን ያው 4 ኪሎ ግራም የሚያስገኘው 5 በመቶ ብቻ ነው። ከአቀበቱ ባሻገር ብስክሌቷን ስትወድቅ ማንሣት፣ መሪውን ማዞር፣ ደረጃ ላይ ማሻገርና በፍሬን ማቆም አለባት። ሰውነቷ ቀላል የሆነ ጎልማሳ ነጂም በመጠኑ የዚሁ ሕግ ተገዢ ናት፤ 45 ኪሎ ግራም ለምትመዝን ሴት አንድ ኪሎ ግራም 85 ኪሎ ግራም ከሚመዝን ወንድ ይልቅ ይከብዳታል። ብስክሌቱን በየቀኑ ተሸክሞ ፎቅ የሚወጣ ሰውም እዚሁ ይመደባል፤ በደረጃ ላይ ብስክሌቱ ነጂውን ሳይሆን ነጂው ብስክሌቱን ነው የሚሸከመው።

የገበያው አሠራር ግን ከዚህ የተገላቢጦሽ ነው። ቀላሉና ውዱ ብስክሌት የሚቀርበው ጡንቻው ለዳበረው ጎልማሳ ሲሆን፣ ወፍራሙ ብረትና የማይሠራው ሞላ የሚተርፈው ለሕፃኑ ነው። «ያድግበታል» እየተባለ ከቁመቱ በላይ የሚገዛለትም እርሱው ነው። በእኛ እምነት በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ለቅለት የሚወጣ ገንዘብ ካለ በቅድሚያ መዋል ያለበት ለትንሹ ነጂ ነው።

ምን እናድርግ?

በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት ብስክሌት ከተዘጋጁት መዝናኛዎች አንዱ ሆኗል፤ ብዙ ወጣቶችም ከተራራ ብስክሌት ጋር የሚተዋወቁት በእንዲህ ያለ ስፍራ ነው። ከእነርሱ መካከል «ቀላል ብስክሌት ከሌለኝ አልችልም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ እንዳይኖር እንሻለን። ለጀማሪ ጎልማሳ ነጂ የምንመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ በመጀመሪያ ለቁመቱ የሚስማማ ብስክሌት፣ ቀጥሎ የሚይዝ ፍሬንና ራሱን የሚጠብቅበት ሄልሜት፣ ከዚያ ለአቀበት የሚበቃ ዝቅተኛ ማርሽ፣ ከዚያም ለመንገዱ የሚሆን ጎማ። ክብደት ከነዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። ለሕፃን ግን ቅደም ተከተሉ ይለወጣል፤ ከልኩና ከፍሬኑ ቀጥሎ ወዲያውኑ ክብደት ይታይ፤ ሞላ ያለውም ይቅር።

ለሻጮችም የምናቀርበው አንድ ጥያቄ አለ። የብስክሌቱን ክብደት ሲጽፉ ከጎኑ ዝቅተኛው ማርሽ ስንት ጥርስ በስንት እንደሆነና ብስክሌቱ ምን ያህል ክብደት ላለው ነጂ እንደተሠራ ቢጽፉ ገዢው የሚፈልገውን ግማሽ ዕውቀት ሰጡት ማለት ነው። ሚዛን አይዋሽም፤ ነገር ግን የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። «ይህ ብስክሌት ስንት ኪሎ ነው?» ከማለታችን በፊት «የሚነዳው ማን ነው፣ የሚነዳውስ የት ነው?» ብለን ብንጠይቅ ገንዘባችንም ጉልበታችንም በአግባቡ ይውላሉ።